ድምፅ አልባው «የገበሬው ሚስት» በጅማ ገጠር ቢታይ ተራኪ ያስፈልገዋል?

ሂርማታ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። እኔና ጥቂት ባልደረቦቼ ከጅማ ከተማ ወጣ ብለው በሚገኙ ቡና አብቃይ ቀበሌዎች፣ የቡና ለቀማው ጋብ ሲል ባሉት ምሽቶች፣ በፕሮጀክተርና በነጭ አቡጀዲ ለነዋሪው ፊልም እናሳያለን። እስካሁን ያቀረብነው በአብዛኛው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተሠሩ ድራማዎችን ሲሆን፣ ለመጪው ወቅት ግን አንድ ድምፅ አልባ የገጠር ኮሜዲ ለማሳየት አስበናል። ተመልካቾቻችን አንድ ቋንቋ ብቻ የሚናገሩ አይደሉም፤ ከአካባቢው ነዋሪ ሌላ ለለቀማ ከዳውሮና ከከፋ የሚመጡ ሰዎችም አብረው ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ በንግግር ላይ ያልተመሠረተ ፊልም ሁሉንም እኩል ያስቀምጣል የሚል ተስፋ አለን።

የመረጥነው አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1928 በእንግሊዝ አገር ያዘጋጀውን «የገበሬው ሚስት» ነው። ሂችኮክን አብዛኞቻችን የምናውቀው ልብ በሚያንጠለጥሉ ፊልሞቹ ቢሆንም፣ ይህኛው ከኤደን ፊልፖትስ የመድረክ ተውኔት የተወሰደና በዴቨን ገጠር የሚካሄድ ኮሜዲ ነው። ላላያችሁት ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሳሙኤል ስዊትላንድ የተባለ ደህና ሀብት ያለው ገበሬ ሚስቱ ትሞትበታለች፤ ከጊዜ በኋላ ልጁን ይድራል፤ ከሠርጉ በኋላ ቤቱ ጭር ሲልበት ዳግመኛ ለማግባት ይወስንና፣ ቤቱን የምታስተዳድርለትን ሚንታን ወረቀትና ብዕር አስይዞ በአካባቢው ለትዳር ይሆናሉ የሚላቸውን ሴቶች ስም ያጽፋታል። ከዚያም የክት ልብሱን ለብሶ በዝርዝሩ ላይ ወዳሉት ሴቶች በየተራ ይሄዳል፤ ሁሉም እምቢ ይሉታል። ስሟ በወረቀቱ ላይ ያልነበረችው፣ ወረቀቱን ግን በእጇ የጻፈችው ሴት አጠገቡ እንደነበረች የሚገባው ከዚያ ሁሉ ውርደት በኋላ ነው።

አሁን ልንስማማበት ያልቻልነው ጉዳይ የሚከተለው ነው። በፊልሙ መሃል የሚገቡት የጽሑፍ ካርዶች በእንግሊዝኛ ናቸው። አንዱ ባልደረባዬ አንድ ሰው ማይክሮፎን ይዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ እያፈራረቀ መተረክ አለበት ይላል። እኔ ደግሞ ያለማቋረጥ የሚናገር ሰው ካለ ፊልሙ ድምፅ አልባ መሆኑ ትርጉም ያጣል፣ ሰውም መጋረጃውን ትቶ ተራኪውን ያያል የሚል ስጋት አለኝ። ሌላው የሚያሳስበኝ ሴቶቹ የቀረቡበት መንገድ ነው፤ እናቶችና ልጃገረዶች በብዛት በሚገኙበት ምሽት፣ አንድ ወንድ ሴቶችን እንደ ገበያ ዕቃ በወረቀት ሲዘረዝር ማሳየት ተገቢ ነው ወይ? ፊልሙን በደንብ የምታውቁ ሰዎች ሐሳባችሁን ብታካፍሉን እናመሰግናለን።

የጅሬን መምህር፦

ውድ ሂርማታ፣ ጥያቄው ለረጅም ጊዜ ሳስብበት የኖርኩት በመሆኑ ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ። ተራኪ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም በሚለው ከመከራከር ይልቅ ተራኪው ስለ ምን ይናገር የሚለውን ብታነሱ ይሻላል። የእኔ አቋም፣ ተራኪው የሚያስፈልገው ሰዎቹ ለተናገሩት ቃል ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ላለው ዕቃና ለአገሩ ወግ ነው የሚል ነው። ገበሬው ሴቲቱን ምን ብሎ እንደጠየቃት፣ እሷም ምን ብላ እንደመለሰች ከፊታቸው ይነበባል፤ የክቱን ለብሶ፣ በፈረስ ተቀምጦ፣ ደረቱን ነፍቶ ወደ ሰው ግቢ የሚገባን ጎልማሳ ያየ የገጠር ተመልካች ለምን እንደመጣ ማንም ሊነግረው አይገባም። የማይነበበው ግን የዚያ አገር ሰው ሳይነገረው የሚያውቀው ነገር ነው።

ምሳሌ ልስጥ። የፊልሙ ዋና ዕቃ ወንበር ነው። በስዊትላንድ ቤት ከምድጃው ግራና ቀኝ ሁለት ወንበሮች ትይዩ ተቀምጠዋል፤ አንዱ የባል፣ አንዱ የሚስት ነው፤ ሚስቲቱ ከሞተች በኋላ የእሷ ወንበር ባዶውን ይቀራል። ገበሬው የዝርዝሩን ሴቶች በሐሳቡ እያመጣ በዚያ ወንበር ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ ካሜራውም አንዷን እያደበዘዘ በሌላዋ ይተካል። በመጨረሻ ሚንታ በዚያው ወንበር ላይ ስትቀመጥ የታሪኩ ቋጠሮ የሚፈታው ያለ አንድ ቃል ነው። ይህ ለእንግሊዝ ተመልካች ግልጽ ነው፤ በእኛ ቤት ግን የእማወራዋ ቦታ ረከቦቱ ያለበት፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ቡና የምታፈላበት ሥፍራ ነው። በምድጃ ዳር ያለ ባለ መደገፊያ ወንበር ለእኛ ሰው እንግዳ የሚቀመጥበት ዕቃ ከመሆን አያልፍም፤ ስለዚህ ተራኪው ገና በመጀመሪያው ላይ «ይህ ወንበር የእማወራዋ ነበር» ብሎ ካልተናገረ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚመጣው ፍሬ ነገር ሳይታይ ያልፋል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚተካ ሌላ ትርጉም የለም።

በተቃራኒው ምንም ማብራሪያ የማይሹ ቦታዎች አሉ። ሚስቲቱ በሞት አፋፍ ላይ ሆና ለሚንታ የምትተወው የመጨረሻ አደራ የባሏን የውስጥ ሱሪ አናፍሳ ማድረቅ እንዳትረሳ ነው፤ ከዚያ በኋላ የጊዜውን ማለፍ የምናየው በዚያው በሚሰጣው ልብስ ነው። ካርዱ ላይ ያለውን ቃል ተራኪው አንድ ጊዜ ብቻ ካነበበው፣ የቀረውን የጅማ ሰው ከማንም በተሻለ ይረዳዋል፤ ክረምቱ ረጅም፣ አየሩ እርጥብ በሆነበት አገር ልብስን እሳት ዳር ማድረቅ የየዕለት ኑሮ ነውና። ለባሏ በፍቅር ቃል ፋንታ ስለ ልብሱ አደራ ትታ የምትሞት ሴት ምን ያህል እንደምትወደው ለማስረዳት መሞከር ትዕይንቱን ማበላሸት ነው።

ቸርድልስ አሽ የተባለው አሽከርም እንዲሁ ነው። ጎርደን ሃርከር የሚጫወተው ይህ ሰው ከዝርዝሩ ሴቶች አንዷ በምታዘጋጀው የሻይ ግብዣ ላይ የማይመጥነውን የአስተናጋጅ ካፖርት አልብሰውት፣ የሚወርደውን ሱሪውን በአንድ እጁ እየያዘ እንግዳ ሲቀበል፣ ሕፃናቱ ከሁሉም ቀድመው ይስቃሉ። እዚያ ላይ ማይክሮፎኑ መዘጋት አለበት።

ባልደረባዎ የሚሉትም መሠረት የሌለው አይደለም። በጃፓን ድምፅ አልባ ፊልም በሚታይበት ዘመን ቤንሺ የሚባሉ ተራኪዎች ከመጋረጃው ጎን ሆነው የሁሉንም ተዋናይ ድምፅ እየለዋወጡ ይተርኩ ነበር፤ ሰው ፊልሙን ለማየት ብቻ ሳይሆን የሚወደውን ቤንሺ ለመስማት ይሄድ ስለነበር ስማቸው ከተዋናዮቹ ስም እኩል ይጠራ ነበር። በዘመናችንም በካምፓላ የቪዲዮ ቤቶች «ቪጄ» የሚባሉት ሰዎች የውጭ ፊልሞችን በሉጋንዳ በቀጥታ እየተረኩ ያሳያሉ። ሁለቱም የሚከበሩ ጥበቦች ናቸው። ነገር ግን በሁለቱም ተራኪው ራሱ ትርኢት ነው፤ እናንተ የምትፈልጉት ግን የተለያየ ቋንቋ ያላቸው ሰዎች አንድ ነገር ላይ በአንድ ጊዜ እንዲስቁ ነው። በሁለት ቋንቋ እያፈራረቀ የሚተርክ ሰው ካለ ግማሹ ተመልካች ቀድሞ ይስቃል፣ ግማሹ ትርጉሙን ሲጠብቅ ትዕይንቱ ያልፈዋል፤ ዳውሮኛ ተናጋሪው ደግሞ ሁለቱንም ጊዜ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሂችኮክ በዚህ ፊልም በብዙ ቦታ ተዋናዮቹ ወደ ካሜራው ፊት ለፊት እንዲያዩ አድርጓል። ገበሬው በሚጠይቅበት ሰዓት እኛ በእሱ ዓይን ሴቲቱን እናያለን፤ እምቢታውንም የምንቀበለው እኛው ነን። ተውኔቱ በንግግር የተሞላ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ንግግሩን ሲያጣ የተካው በዚህ የዓይን ለዓይን አቀማመጥ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ሦስተኛ ሰው በድምፅ ማጉያ ጣልቃ ከገባ በተመልካቹና በመጋረጃው መካከል ያለው ነገር ይበጠሳል። (በነገራችን ላይ ፊልሙ በተሠራበት ዓመት ዳግማዊ አባ ጅፋር ገና በሕይወት ነበሩ። ስለዚህ ፈረሱ፣ ሰፊው ግቢና የአሽከሩ ብዛት ለእኛ አካባቢ ሽማግሌዎች ከተረት የተቀዳ ነገር አይመስላቸውም፤ ከአያቶቻቸው የሰሙት ዘመን ነው።)

የአጋሮዋ፦

ጋሼ መምህር ስለ ወንበሩ የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። እኔ የምመልሰው ሂርማታ ሴቶቹን በተመለከተ ላነሳው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ጉዳይ ከተራኪው የበለጠ ክብደት ያለው ይመስለኛል።

ፊልሙ በሴቶቹ የሚስቅ ይመስላል፤ በትክክል ለተመለከተው ግን የሚሳቅበት ገበሬው ነው። በዝርዝሩ ላይ ያሉት እነማን እንደሆኑ እንይ። ሉዊዛ ዊንዲያት ፈረስ የምትጋልብ፣ ከአዳኞች ጋር የምትውል ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ትርዛ ታፐር በራሷ ቤት እንግዳ ጠርታ የምታስተናግድ ያላገባች ሴት ናት፤ ሜሪ ሄርን የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናት፤ መርሲ ባሴት መጠጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች። አራቱም የራሳቸው ቤት ወይም የራሳቸው ሥራ ያላቸው፣ እሱን ሳያገቡ መኖር የሚችሉ ናቸው። እሱ ግን አንዷም እምቢ ልትል ትችላለች የሚለው ሐሳብ ከቤቱ ሲወጣ በፍጹም አልመጣበትም። ሉዊዛ ጥያቄውን ሰምታ ስትስቅበት ፊቱ ላይ የሚታየው ድንጋጤ የፊልሙ እውነተኛ ቀልድ ነው፤ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ያለች ማንኛዋም እናት ያንን ፊት ታውቀዋለች።

እዚህ ላይ በእኛና በእነሱ መካከል ያለው የወግ ልዩነት ፊልሙን ለእኛ ተመልካች ከእንግሊዙ ይበልጥ አስቂኝ ያደርገዋል ብዬ አምናለሁ። በእኛ አገር ወንድ ራሱ ሄዶ «አግቢኝ» አይልም፤ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ይመለሳል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፣ እምቢታውም ቢሆን በለዘበ ቃል ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው፤ ጠያቂው በዚያች ሰዓት በቤቱ ስለሚቀመጥ ፊቱ አይታይም። ሽምግልና የሚሸከመው አንዱ ትልቅ ነገር ይህ ኀፍረት ነው። ስዊትላንድ ግን የሚልከው ሰው የለውም፤ ሁሉንም እምቢታ በገዛ ፊቱ ይቀበላል፤ ጋሼ መምህር እንዳሉት ካሜራውም ያንን ፊት አይለቀውም። ተመልካቾቻችን «ይህ ሰው ሽማግሌ የለውም እንዴ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ይጠይቁ። ከዚያ ጥያቄ ጥሩ ውይይት ይወጣል።

ሁለት ቦታ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የሜሪ ሄርን ትዕይንት ነው። እሱ በንዴት ስለ ዕድሜዋና ስለ አለባበሷ ክፉ ቃል ይናገራታል፤ እሷም በእንግዶች ፊት ራሷን መቆጣጠር አቅቷት ትጮኻለች። ፊልሙ በዚህ ጩኸት እንድንስቅ ይፈልጋል፤ እኔ አልሳቅሁበትም፤ ዕድሜዋ ገፍቶ ሳታገባ በሰፈር ወሬ የምትሰቃይ ሴት በተመልካቹ መካከል ልትኖር እንደምትችል አዘጋጆቹ እንዲያስቡበት እለምናለሁ። ክፍሉን ቆርጣችሁ አውጡ አልልም፤ ለፊልሙ ታማኝ መሆን ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ከፊልሙ በኋላ በሚደረገው ውይይት ሳይነሳ መታለፍ የለበትም።

ሁለተኛው ሚንታ ናት። ሚንታ የቤት ሠራተኛው ናት፤ ጌታው ለሠራተኛው ጋብቻ ሲጠይቃት እምቢ የማለት መብቷ ምን ያህል ነው? ከገጠር ቀበሌዎቻችን ስንት ልጃገረዶች ለቤት ሥራ ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ እንደሚሄዱ ሁላችንም እናውቃለን፤ «አሠሪዋ አገባትና ታሪኩ ባማረ ሁኔታ ተጠናቀቀ» የሚለውን መልእክት ይዘው እንዲሄዱ አልሻም። ፊልሙን የሚያድነው የተዋናይቷ የሊሊያን ሆል ዴቪስ ሥራ ነው። ስሞቹን በምትጽፍበት ትዕይንት እሱን ትታችሁ እሷን ብቻ ተመልከቱ፤ እንደምትወደው፣ ዝም ማለትንም እንደመረጠች እሱ ሳያውቅ እኛ እናውቃለን። በመጨረሻ ሲጠይቃትም ሰውየው ደረቱን የነፋው የመጀመሪያው ሰው አይደለም፤ እምቢታን የተማረ፣ የእሷም መልስ እምቢታ ሊሆን እንደሚችል የገባው ሰው ነው። ተራኪው ሦስት ጊዜ ብቻ የመናገር ፈቃድ ቢኖረው፣ አንዱን «የምትጽፈዋን ተመልከቱ» ለማለት ያውለው።

ብርሃንና ጥላ፦

በጥበቡ በኩል የተባለው በቂ ነው፤ እኔ ስለ አቀራረቡ ጥቂት ልበል።

በመጀመሪያ የምታገኙትን ቅጂ ፍጥነት አረጋግጡ። በድምፅ አልባው ዘመን ካሜራው በሰከንድ የሚያነሳው የፍሬም (የነጠላ ምስል) ብዛት አንድ ወጥ አልነበረም፤ በሰከንድ 24 ፍሬም የጸናው ድምፅ ከገባ በኋላ ነው። በሰከንድ 20 ፍሬም የተቀረጸ የሁለት ሰዓት ፊልም በ24 ቢታይ በ100 ደቂቃ ያልቃል፤ ሰዎቹም ሲራመዱ የሚንጦለጦሉ ይመስላሉ። ብዙ ሰው «የድሮ ሰው ሲራመድ እንዲህ ነበር» ብሎ የሚስቅበት ነገር በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። ለዚህ ፊልም ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ቀልዱ በዝግታ የሚበስል፣ የፊት ለውጥን የሚጠብቅ ነውና። የእንግሊዝ ብሔራዊ የፊልም ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 በእጅ የሚገኙትን ዘጠኙን የሂችኮክ ድምፅ አልባ ፊልሞች አድሶ ለእይታ አቅርቧል፤ ይህም ከዘጠኙ አንዱ ነው። በኢንተርኔት ከሚዘዋወሩት መካከል ግን ያጠሩና የደበዘዙ ቅጂዎች ብዙ ስለሆኑ፣ የመጀመሪያውን ያገኛችሁትን በፍላሽ ገልብጣችሁ አትሂዱ።

መብትን በተመለከተ በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኦዲዮቪዥዋል ሥራ የሚሰጠው የጥበቃ ዘመን 50 ዓመት በመሆኑ ፊልሙን ለሕዝብ ማሳየት አያስቸግራችሁም። ለታደሱት ቅጂዎች በቅርብ ጊዜ የተደረሰው ሙዚቃ ግን የራሱ ባለቤት አለው፤ የፊልሙ ዕድሜ ለእሱ አያገለግልም። ስለዚህ የቅጂውን ድምፅ ዘግታችሁ የራሳችሁን ሙዚቀኛ ብታስቀምጡ ከሕግም ከጥበብም አንጻር ይመረጣል፤ በዘመኑም ቢሆን ፊልሙ ይታይ የነበረው በአዳራሹ ውስጥ በሚጫወት ሙዚቀኛ ታጅቦ ነው። ክራር ወይም ዋሽንት ይበቃል። ማሲንቆ ካገኛችሁ ተጫዋቹ እንዳይዘፍን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ግጥም ከጀመረ ያው ተራኪ ሆነ ማለት ነው።

ጄኔሬተሩን ነፋሱ ከተመልካቹ አልፎ በሚሄድበት በኩል፣ ከቤት ወይም ከአጥር ጀርባ አድርጉት። የንግግር ፊልም በስፒከር ኃይል የጄኔሬተርን ጩኸት ይሸፍናል፤ በአንድ ክራር የሚታጀብ ፊልም ግን አይችልም።

ቦዬ፦

ሁሉንም በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን ድምፅ አልባ ፊልም አይቶ ለማያውቅ ሰው ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ማቅረብ ከባድ ይመስለኛል። ለምን ከቻርሊ ቻፕሊን «ሰኒሳይድ» አትጀምሩም? እ.ኤ.አ. በ1919 የተሠራ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚወስድና ሙሉ በሙሉ በገጠር የሚካሄድ ነው። ቻፕሊን በአንድ የገጠር ሆቴልና እርሻ ከንጋት እስከ ማታ የሚለፋ ቅጥር ሠራተኛ ሆኖ ይሠራል፤ ጌታው ሲቀሰቅሰው ተነሳሁ ብሎ ተመልሶ ይተኛል፤ ቁርስ ሲያዘጋጅ ዶሮዋን መጥበሻው ላይ አስቀምጦ እንቁላል ያስጥላታል፣ ላሚቱንም ወጥ ቤት ድረስ አምጥቶ ወተቱን በቀጥታ ስኒው ውስጥ ያልባል። ቡና በወተት ለሚያውቅ ለጅማ ሰው ከዚህ የቀረበ ቀልድ ከየት ይመጣል? አንድም ካርድ መተርጎም አያስፈልግም። የቀን ሠራተኛና የአሠሪ ጉዳይም ስላለበት ለለቀማ የመጡት ሰዎች የራሳቸውን ኑሮ ያዩበታል።

ሂርማታ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቦዬ፣ «ሰኒሳይድ»ን አይቼዋለሁ፤ የላሚቱና የዶሮዋ ትዕይንት ያለ ጥርጥር ቤቱን በሳቅ ይሞላል፤ በመሃል ያለው ሕልም ግን፣ ሳሳ ያለ ልብስ የለበሱ ልጃገረዶች በሜዳ ላይ አብረውት የሚጨፍሩበት፣ በቤተሰብ ፊት አንዳንድ አባቶችን ቅር እንዳያሰኝ አስቀድመን የቀበሌውን ሽማግሌዎች ማማከር ይኖርብናል። እነሱ ካልተቃወሙ በዚያ ጀምረን ለጥቂት ደቂቃ ቡና ጠጥተን ወደ «የገበሬው ሚስት» እንቀጥላለን። ሰው በአጭሩ ፊልም ያለ ንግግር ማየትን ይለምዳል፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው።

የተራኪውን ጉዳይ በተመለከተ ባልደረባዬ ይህን ውይይት አንብቦ ከጋሼ መምህር ሐሳብ ጋር ተስማምቷል፤ አንድ ቅሬታ ግን ቀርቶታል። ማንበብ የሚችሉ ወጣቶች ካርዱ ሲመጣ እንግሊዝኛውን ጮክ ብለው እያነበቡ ለጎረቤታቸው መተርጎማቸው አይቀርም፤ ተራኪው ዝም ካለ የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ተራኪ ሊሆን ነው ይላል። ለዚህ ምን ትመክሩናላችሁ?

የጅሬን መምህር፦

ወጣቶቹን አትከልክሏቸው። ሰው ከጎረቤቱ ጋር እየተንሾካሾከ ፊልም ማየቱ ከማይክሮፎን ጋር አንድ አይደለም፤ እያንዳንዱ በሚያውቀው ቋንቋ፣ በሚያስፈልገው መጠን ይረዳዳል፤ ለዳውሮኛ ተናጋሪውም ቢሆን አጠገቡ ያለው ልጅ ሳይደርስለት አይቀርም። እናንተ ግን ከማሳየታችሁ በፊት ታሪኩን በሁለቱም ቋንቋ በሁለት ደቂቃ ንገሩ፤ ማን ማን እንደሆነ፣ ወንበሩ የማን እንደነበር፣ ገበሬው ምን እንደፈለገ ተናገሩ፤ የሚንታን መጨረሻ ብቻ አስቀሩ። በኮሜዲ ሰው የሚስቀው ምን እንደሚመጣ ስላላወቀ ሳይሆን እያወቀ ስለሚጠብቅ ነውና፣ አስቀድሞ መንገሩ ሳቁን አይቀንሰውም።

በፊልሙ መሃል ተራኪው የሚናገርባቸውን ቦታዎች እኔ ብመርጥ፣ ሚስቲቱ አደራዋን ስትናገር «የጌታሽን የውስጥ ሱሪ አናፍሶ ማድረቅ እንዳትረሺ» ብሎ ቃሏን ማንበብ፤ ዝርዝሩ ሲጀመር የአጋሮዋ እንዳለችው ዓይናችንን ወደ ሚንታ መመለስ፤ ገበሬው ከመጨረሻው እምቢታ ሲመለስ ደግሞ «የቀረ ስም የለም» ማለት። የሻይ ግብዣው በሙሉ ያለ ቃል ይለፍ፤ የትርዛ እጅ ሲንቀጠቀጥ ጄሊው አብሮ ሲንቀጠቀጥ ለማየት ጄሊ ምን እንደሆነ ማወቅ አያስፈልግም።

የአጋሮዋ፦

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ተራኪዋ ሴት ትሁን። የሟቿን አደራ ወንድ ካነበበው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ፊልሙ የገበሬው ፊልም ይሆናል፤ ሴት ካነበበችው ግን ሰው ሁሉ ሚንታን ይዞ ይቀመጣል። የአፋን ኦሮሞውን ጽሑፍ እኔ አዘጋጅቼ እልክላችኋለሁ፤ ምሽቱ ከአጋሮ መንገድ ብዙ ካልራቀ መጥቼ ላነብላችሁም እችላለሁ። ከፊልሙ በኋላ ስለ ሜሪ ሄርን የሚደረገውን ውይይት ሴቶቹ ለብቻቸው ክብ ሠርተው እንዲጀምሩትና ወንዶቹ በኋላ እንዲቀላቀሉ ብታደርጉ፣ በአባቶች ፊት የማይናገሩ ልጃገረዶችም የሚሉትን ይላሉ።

ሂርማታ (ጠያቂ)፦

በደስታ እንቀበላለን፣ እህቴ። ቀበሌው በአጋሮ መንገድ ላይ ነው፤ ቀኑን ከሽማግሌዎቹ ጋር እንደቆረጥን በዚሁ ገጽ አሳውቃለሁ፤ የታደሰውን ቅጂ እንዳገኘን ደግሞ ካርዶቹ የሚመጡበትን ደቂቃ ጽፌ እልክልሻለሁ። ጋሼ መምህር፣ እርስዎም ቢገኙልን የመግቢያውን ንግግር በአማርኛ እንዲያደርጉልን እንጠይቃለን።